በቫልሴካ ጉባኤ ያላነሳሁት እጅ

ለምትናፍቂኝ እህቴ ለኒቬስ፤

ከፋሲካ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁምና ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናሽ ልጠይቅ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን እንቅስቃሴ ትሠሪያለሽ ወይስ አንቺም እንደ አባባ "ነገ" ትያለሽ? ባልሽ ዳንከንስ፣ ያ ሳል ለቀቀው? ከእኛ በተቃራኒ በእናንተ አገር ብርዱ ገና መግባቱ ስለሆነ የሞሊን ጆሮ ሸፍኚልኝ።

እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው። አባባ ሰባ ስድስት ሞላው። የጎደሉትን ሦስት ጥርሶቹን ዛሬም "ለክለቡ የሰጠኋቸው" ይላቸዋል። ባለቤቴን ማሪሳን አልፎ አልፎ ወገቧን ያማታል። እኔ እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ፈራሁ። በስልክ ዝም ስትይ ምን እያሰብሽ እንደሆነ አይገባኝም።

ነገሩ የክለቡ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከጥላ የተወለደ የበረዶ ላይ ሆኪ ክለብ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ተራራውን ተሻግራ መንደሩ ላይ አትወርድም፤ አያታችንና የሐዲድ ሠራተኞቹ ይህን አይተው ከጣቢያው ጀርባ ያለውን የድንች ማሳ ውሃ ለቀቁበት፣ በማግስቱ በረዶ ሠርቶ መስታወት ሆነ። ያን ዕለት ባልዲ ከያዙት ሰዎች በሕይወት የቀረው አባባ ብቻ ነው። "የከተማዎቹ ክለቦች ባንክ ነበራቸው፣ እኛ ጥላ ነበረን" እያለ ሲኩራራ አንቺም ሰምተሽ ሰልችቶሻል። አረንጓዴና ነጭ ማሊያ፣ ደረቱ ላይ የዋልያ ቀንድ። አምስት መቶ ነፍስ በማይሞላው መንደር ስድስት ሺህ ሰው የሚቆምበት የበረዶ አዳራሽ። ወደ ላይኛው ሊግ ወጣን፣ ወረድን፣ ዳግም ወጣን። ያ ካናዳዊ ተከላካይ ሦስት ዓመት በአንቺ ክፍል ተኝቶ ለአባባ አንዲት ቃል እንግሊዝኛ አላስተማረውም፤ እሱ ግን የእኛን ስድብ አንድ ሳያስቀር ይዞ ሄደ።

አሁን ሊጉ አዲስ አዳራሽ ካልሠራችሁ ፈቃድ የለም ብሏል። ኮሚቴው ቦታ ያገኘው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ታች፣ ሸለቆው ከሚከፈትበት፣ ከትልቁ መንገድ ዳር ነው። ስማችን አይነካም አሉ። ቀንዱም አይነካም። ጥላው ግን አብሮን አይወርድም። እዚያ በጥርም ፀሐይ አለ።

በሰኔ መጀመሪያ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ከሦስቱ ድምፅ ቆጣሪዎች አንዱ አድርገው እኔን መረጡኝ፤ በግራ በኩል ያሉት ወንበሮች ደረሱኝ። ልማዱን ታውቂዋለሽ። ቆጣሪው የሰውን እጅ ቆጥሮ ሲጨርስ እርሳሱን እንደያዘ የራሱን እጅ ያነሳና "ከእኔ ጋር ይህን ያህል" ይላል። ሊቀመንበሩ አሌሲዮ "ወደ ታች መውረዱን የምትደግፉ" አለ። ቆጠርኩ። "የምትቃወሙ" አለ። ቆጠርኩ። አባባ ፊት ለፊቴ ነበር። ትከሻው ስለተበላሸ እጁ ከጆሮው አያልፍም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ከፍ ያለችው እሷ ነበረች። ቁጥሬን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። "ከእኔ ጋር" አላልኩም። ሁለቱንም ጊዜ። ማንም ልብ አላለም።

መቶ ሰማንያ ሰባት ለመቶ ሰማንያ ስድስት። በአንድ ድምፅ ብልጫ መውረዱ ጸና።

ረስቼው ነው ብዬ ለራሴ ሦስት ቀን ነገርኩት። አልረሳሁትም። እታለም፣ ያን አዳራሽ ሠላሳ አንድ ዓመት በረዶውን ስሠራበት ኖሬያለሁ፤ የጣሪያው እንጨት ከውስጥ በስብሷል። በየካቲት አንድ ሳንቃ ወድቆ የእትዬ ዴልፊናን የምግብ መሸጫ ጠረጴዛ ለሁለት ሰንጥቆታል፤ እግዜር ሲጠብቃት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ለኮሚቴው አመልክቼ መሐንዲስ መጣ፣ "ጥቂት ዓመት ይይዛል" ብሎ ሄደ። እኔ ደግሞ የበሰበሰውን ቀለም ቀባሁት፣ አባባ ቀና ሲል እንዳያየው። እጄን ባነሳ ኖሮ የማነሳው ለመውረዱ ነበር። ውጤቱ አይለወጥም፣ ልዩነቱ ሁለት ይሆን ነበር፣ ያው ነው። ግን አባባ ፊት ለፊቴ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ዝም ብዬ ይዤው እኖር ነበር። አላበቃም። በአንድ ድምፅ ብልጫ ሲሆን፣ ሰው ያንን አንዱን ይፈልጋል። አገኙትም፤ እትዬ ዴልፊና እጇን ያነሳችው እያለቀሰች፣ ከሰው ሁሉ ዘግይታ ስለነበር ሁሉም አይቷታል። ዳቦ ቤት ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዱ ከኋላዋ "ሴትዮዋ ፀሐይ አማራት፣ ገላዋን ልታሞቅ ነው!" ብሎ ሲስቅ ሰምቻለሁ። "ያንተ ገላ ደግሞ በጥላውም አላማረበትም" አለችው። አባባም መጠጥ ቤት ተቀምጦ "መቶ ሰማንያ ስድስታችን፣ ከልጄ ጋር" ይላል። ከልጄ ጋር። ይህን በሰማሁ ቁጥር ብርጭቆዬን ሳልጨርስ እወጣለሁ።

ባለፈው እሑድ በረዶው በተነሳበት የአዳራሹ ወለል ላይ እንደየዓመቱ ጠረጴዛ ዘርግተን የበቆሎ ገንፏችንን፣ ፖሌንታ በላን። እትዬ ዴልፊና መጣች። ትቀራለች ብዬ ነበር። ሳህኗን ይዛ ቦታ ስትፈልግ በየአግዳሚው ያለው ሰው ሰፋ ሰፋ ብሎ ይቀመጣል። አንዱ "ታች ወርደሽ ብዪ፣ እዚያ ቦታ ሞልቷል!" አላት። ተሳቀ። አባባም ሳቀ። እሱ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ታውቂዋለሽ፤ ግን ሳቀ።

ተነሳሁ። ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም፣ ማሪሳ ናት በኋላ የነገረችኝ። "እኔ እጄን አላነሳሁም። ባነሳ ኖሮ ከእሷ ጋር ነበር። የምትሰድቡት ሰው ከፈለጋችሁ እዚህ አለሁ" ብያለሁ። አሌሲዮ ማንኪያውን እንደጎረሰ ቀረ። ከጥግ "አይ ታርቺዚዮ፣ የሠላሳ ዓመት ዝምታህን ዛሬ ጨረስከው!" የሚል ድምፅ መጣ፤ የሳቀ ግን የለም። አባባ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። እትዬ ዴልፊና የአባባ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ጨው አቀብለኝ ብቻ አለችኝ።

አራት ቀን አባባ አላነጋገረኝም። ዛሬ ጠዋት የማቀዝቀዣውን ቧንቧ ሳፈስ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። "እንጨቱ የታመመው የቱ ጋ ነው?" አለኝ። አሳየሁት። መሰላል አምጣ አለ። "አባባ፣ በዚህ ዕድሜህ?" ስለው "አንተ ቀለም ለመቀባት ስትወጣ ማን ከለከለህ?" አለኝ። ያውቅ ነበር ማለት ነው? ወይስ ገመተ? አልጠየቅኩትም። መሰላሉን በሁለት እጄ ይዤ ከታች ቆምኩ፣ እግሮቹ ከራሴ በላይ። ጣቱን ወደ እንጨቱ ሰደደ፤ እስከ አንጓው ገባ። እዚያው ቆየ። ከላይ ቡናማ ብናኝ ፀጉሬ ላይ ወረደ።

ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። "በዚህ ሥር ልጆች ቆመው ዘፍነዋል" አለ። "አዎ" አልኩት። "እኔን ፈርተህ ነው?" አለኝ። "አዎ አባባ" አልኩት። ጣቱን በሱሪው ጠረገ፣ ጠረገ፣ አሁንም ጠረገ።

ከዚያ ወደ እትዬ ዴልፊና ቤት ሄደ። እኔም በርቀት ተከተልኩት፣ እንዳይወድቅ ብዬ፤ እውነቱን ለመናገር ለማየትም ፈልጌ። በር አንኳክቶ ባርኔጣውን አወለቀ። በመስኮት አየችው፣ ቶሎም አልከፈተችም። "ዴልፊና፣ እሑድ ስቄብሻለሁ" አላት። "አይቻለሁ" አለችው። "ያ ሳንቃ ሊገድልሽ ነበር" አላት። "እሱንም አይቻለሁ፣ ኤቫሪስቶ፤ ከናንተ ቀድሜ" አለችው። በሩን ከፈተችለት እንጂ ግባ አላለችውም። እሱም ግባ ካልተባለ የሚገባ ሰው አይደለም። ይህን ስጽፍልሽ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ወደ አዳራሹ ተመልሼ በጽዳት ክፍሉ መስኮት አያቸዋለሁ። እሷ ውስጥ ድንች ትልጣለች፣ እሱ ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ ያወራሉ።

ዳንከንን ሰላም በይልኝ። ሞሊን ጉንጮቿን ስሚልኝ፤ አማትሽንም እጅ ነስቻለሁ በያቸው። ማሪሳ ባለፈው የላክሽው የሱፍ ካልሲ ልኳ ሆኗልና በጣም ታመሰግንሻለች። አባባ ሰላምታውን ራሱ ይጽፍልሻል ብዬ ከታች ቦታ ትቼለት ነበር፤ እስኪመለስ ከጠበቅኩት ግን ፖስታ ቤቱ ይዘጋብኛል።

ወንድምሽ ታርቺዚዮ
ቫልሴካ፣ ከአዳራሹ
ሐሙስ፣ ሰኔ መጨረሻ 2016