ሁለት ጊዜ የተቀቀለው ጋቢ

ውድ መክሊት፣

ይህ ደብዳቤ ምዕራብ ዓባያ እስኪደርስሽ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተቀዷል። አምስት ዓመት ከአሥር ወር ዘግይቷል። መልስ አልጠብቅም። ነገሩን ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ላስቀምጠው፤ ያለዚያ እውነት መናገር አልችልበትም።

በ2004 ክረምት ባልሽ ደግነት፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ጫኖ ሙዝ ማሳ ላይ ማለዳና ማምሻ ውሃ ያዞር ነበር። እኛ የጨንቻ ሰዎች ያደግነው ከብርድ ጋር እንጂ ከወባ ጋር አይደለም። የጤና ሠራተኛዋ የሠራተኞቹን ልብስ ትንኝ የሚከላከል መድኃኒት ውስጥ ስትነክር የእሱንም ጋቢ ነከረችለት። "ቶሎ ቶሎ አይታጠብ፤ ሲታጠብም በቀዝቃዛ ውሃ፤ ጥላ ላይ ይድረቅ" የሚል ወረቀት ሰጠችው። ጨንቻ ይዞት ሲመጣ ወረቀቱን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ።

ለመስቀል ስትመጡ ጋቢውን የሙዝ ግንድ ፈሳሽ አጥቁሮታል፤ መድኃኒት መድኃኒትም ይሸታል። ጎረቤታችን ሸማኔው ኦይታ ሰው ፊት፣

"መምህር፣ እኔ ነጭ አድርጌ ነበር የሸመንኩት። ወንድምህ ቆላ ወርዶ ፍየል ሲያለብስበት ከረመ እንዴ?" አለ።

ሁሉም ሳቀ፤ ደግነትም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በመስቀል በቆሸሸ ጋቢ ዱቡሻው ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ፣ መቆም ለቤተሰቡ ሁሉ ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጓሮ ጠራሁሽ።

"ቀቅለሽ እጠቢው።"

"ጋሼ፣ መድኃኒቱ ይለቃል እኮ። ወረቀቱ ላይ..."

"ሠላሳ አራት ዓመት ንጽሕና ያስተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ቀቀልሽው። በሳሙና ፈተግሽው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣሽው። "አሁንም አልጠራም" ብዬ አስደገምኩሽ። ደግነት ነጭ ጋቢ ለብሶ ዱቡሻ ቆመ። ኦይታ እንከን ፈልጎ አጣለት። እኔ ኮራሁ።

ወደ ጫኖ ተመለሰ፤ ጥቅምት ላይ ወባ ጣለው፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ። ጋቢው ያድነው ነበር አልልም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። የማውቀው ይህ ነው፦ ለቅሶው ላይ እናታችን "ያ መድኃኒት የት ሄደ?" ብላ ጠየቀች። መምህር ነኝና ሰው ሁሉ እኔን አየ። "መክሊት አጠበችው" አልኩ።

ግማሽ መልስ ነው። ተማሪ እንዲህ ቢመልስልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

አየሽኝ። እስክጨርስ ጠበቅሽ። አልጨረስኩም። ከዚያ ወዲያ እናታችን ከእጅሽ ውሃ እንኳ አልቀበልም አለች፤ አርባው ሳይወጣ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ወረድሽ። አንድ ቀን እንኳ "እሱ ነው ያዘዘኝ" አላልሽም። ለእኔ ክብር ብለሽ ነው ወይስ ማንም እንደማያምንሽ አውቀሽ? መልሱን እፈራዋለሁ።

እናታችን በጥር ዐረፈች። እስከ መጨረሻዋ ስምሽን ስትረግም ራስጌዋ ተቀምጬ ነበር። "ተይ እማዬ" እላታለሁ፤ ቸር ሰው መስዬ።

እሷን አላገኛትም። የቀሩትን ግን አገኛቸዋለሁ። በመጪው መስቀል ዱቡሻ ላይ ቆሜ ያቋረጥኩትን እጨርሳለሁ፦ "መክሊት ያጠበችው እኔ አዝዣት ነው፤ ወረቀቱን አስታውሳኝ ነበር።" ሽማግሌዎቹ የፈረዱብኝን እቀበላለሁ። እንድትመጪ አልለምንሽም፤ ይቅር በይኝም አልልሽም። ስምሽ ብቻ ይመለስልሽ።

ጋቢው ሳጥኔ ውስጥ አለ። ትናንት አውጥቼ አየሁት። ኦይታ እንኳ እንከን አያወጣለትም።

ጋሼ ትይው የነበረው
ካሱ
ጨንቻ፣ ነሐሴ 2010