የዘሀራ አጥሚት ስንት ካሎሪ ነው

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ፣ ማለዳ

የማሽላ ዱቄት ስድስት ማንኪያ። ወተት ሁለት ብርጭቆ። ቅቤ ሁለት ማንኪያ። ስኳር ሦስት። ስደምረው ስምንት መቶ ካሎሪ ያልፋል። እስከ ማታ ሁለት ሺህ መድረስ አለበት።

የደሴው ሐኪም ነገሩን አልሸፋፈነም። እንቅርቱ የባለቤቴን የዘሀራን ጉሮሮ ተጭኖታል። እንጀራ አይወርድላትም። ቀጭን ቀጭኑን እየጠጣች አራት ኪሎ ካልጨመረች ሰውነቷ ቀዶ ጥገናውን አይችልም። አሁን ሠላሳ ስምንት ኪሎ ናት። ቀጠሮው ወሩ ሲያልቅ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ደብተሬ። ወገብና ትከሻ እንጂ ዱቄት ለክቼ አላውቅም። የሰጡን ወረቀት በግራም ይናገራል፤ የኛ ጓዳ በጭብጥ። ከቅመም ሻጩ ትንሿን ሚዛን ተዋስኩ። አንዷን ማንኪያ ደጋግሜ መዘንኩ። እኔ ስሳሳት ከዘሀራ ነው የሚጎድለው።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ

የምስር ሾርባ፣ በቅቤ። እንቁላል በወተት የተመታ። ድምሩ ጥሩ።

ስትጠጣ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እሷ ስትውጥ የኔም ጉሮሮ አብሮ ይውጣል። ዛሬ ትን አላት። ዓይኗ ፈጠጠ። እኔ እንደ ሞኝ ቆሜ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ። አለፈላት፣ አልሐምዱሊላህ።

“ስታየኝ አይወርድልኝም፤ ሂድ ወደ ሥራህ” አለችኝ። ብርጭቆውን ትቼላት ወጣሁ።

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ

ወፍጮ ቤት ወሰድኳት። ሌላ ሰው የሚመዝን ሚዛን በቅርብ የለም። በማሽላ ጆንያዎቹ መሃል ነጠላዋን ሰብስባ ወጣችበት። ባለወፍጮው ፊቱን አዞረልን፤ አላህ ይስጠው።

ሠላሳ ሰባት።

ወረቀቴ ሁለት ሺህ ይላል። ሚዛኑ ሠላሳ ሰባት ይላል። አንዱ ይዋሻል። ወይ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ውስጧ ሌላ የሚበላት ነገር አለ። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ደጅ ወጥቼ ተመለስኩ።

ቀሚሷን ዳግመኛ አጠበብኩ። ሳልነግራት።

ጥቅምት 17፣ ረቡዕ

ወተቱን ጠረጠርኩ። ከጨፋ የምታመጣልንን ፋጡማን በር ላይ አቆምኳትና ውሃ ትጨምሪበታለሽ ወይ አልኳት። ቅሉን መሬት አስቀመጠች።

“ወላሂ ጠብታ አልነካውም። ለታማሚ በሚሄድ ወተት ቀጥፌ አላህን በምን ፊቴ አየዋለሁ?”

አፈርኩ። አፉ በዪኝ አልኳት። ቅቤውን ጨመርኩ። ሁለት ሺህ አራት መቶ። ከዚህ በላይ ምን አደርጋለሁ?

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ፣ ከዙህር በኋላ

መቀስ ረስቼ ቤት ተመለስኩ። ጓዳ የለችም። ጓሮ ወጣሁ።

ፓፓያው ሥር ጎንበስ ብላ አጥሚቱን እየደፋች ነው። መሬቱ ነጥቷል። ዝንቡ። የዛሬ ብቻ አይደለም።

ቀና ስትል አየችኝ። ብርጭቆው እጇ ላይ ቀረ። የምቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣሁም። ለምን አልኳት።

“ነን ሶዳዳ” አለች። ሆድ ሲብሳት አማርኛው ጠፍቶ ኦሮምኛው ይመጣል።

ምኑን ነው የምትፈሪው ብላት የሞተችውን ታናሽ እህቷን በስም ጠራች። ራህመትን። ራህመት በእግሯ ሐኪም ቤት ገብታ፣ ሆዷን ተቀድዳ፣ በቃሬዛ ነው የመጣችልን።

“ካልወፈርኩ አይቀድዱኝም።”

“በረሃብ ትሞቻለሽ እኮ፣ ዘሀራ!”

“እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው” አለችኝ።

ጥቅምት 19፣ ዓርብ

እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት። ደግሞ ገለበጥኩት። ማሽኑን ሸፍኜ ቤት ገባሁ።

ምክር አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልወጣልኝ። እኔም እፈራለሁ አልኳት፤ ሚዛኑ ላይ ስትወጪ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። “አንተማ ወረቀት ይዘህ ስትደምር የማትፈራ መስሎኝ” አለች። ከዚያ አለቀስን። ሁለታችንም፣ ደብተሬ። እንደ ልጅ።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ አጥሚቱን ራሷ አማሰለች። ቅቤው በዛ፣ ያቅለሸልሸኛል አለች። አንድ ማንኪያ ቀነስኩ። መቶ ምናምን ካሎሪ ሄደ፤ ይሂድ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ግማሹን ጠጣች። ግማሹን ብቻ። ግን ወርዷል።

ቀጠሮውን ሳንጠብቅ ሰኞ ደሴ እንሄዳለን። ለመቀደድ አይደለም። ሐኪሙን በራሷ አፍ ልትጠይቀው ነው፦ ራህመትን ምን ገደላት፣ እኔስ እነቃለሁ ወይ፣ በሩ ላይ ባሌ እንዲቆም ትፈቅዳለህ ወይ። መልሱ ልቧን ካላሳረፈው ወደ ቤታችን፣ ወደ ከሚሴ መልሼ ላመጣት፣ ዳግመኛም ላልጎተጉታት ማልኩላት። ቁርኣን አስይዛ ነው ያስማለችኝ።

አሁን የምፈራው መሐላዬን ነው። ሐኪሙን ሰምታ ስታበቃ ወደኔ ዞራ እንመለስ ካለችኝ፣ እኔ ይዣት መመለሱን እችለው ይሆን?