በወደባችን አፍ ላይ ለተፋጠጡት ሁለት መርከቦች አለቆች

ለክቡር ካፒቴን ክራይንሆፍ፣ የሆላንዱ መርከብ አለቃ፤
ለክቡር ካፒቴን ፔቨሬል፣ የእንግሊዙ መርከብ አለቃ፤

ስማችሁን የደረደርሁት በመጣችሁበት ተራ እንጂ አንዳችሁን ከሌላችሁ አብልጬ አይደለምና፣ በዚህ ምክንያት ደግሞ መድፍ እንዳትተኳኮሱ በትሕትና እለምናለሁ።

ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? ከመርከቦቻችሁ የሚነሣውን የጥብስ ሽታ ነፋሱ በየቀኑ ስለሚያደርስልን፣ ደህና መሆናችሁን ሳንጠይቅም እናውቃለን፤ አላህ ይመስገን። እኛም ከረኃብ በቀር ደህና ነን።

እኔ አብዱልሙሒት ባንዳ በምትባለው በዚህች ደሴት የወደብ ሹም ነኝ። አባቴም አያቴም በዚሁ ሥራ አርጅተዋል። ደንባችን አጭር ነው፦ ቀድሞ መልሕቅ የጣለ ቀድሞ ይገበያያል፣ ዘግይቶ የመጣ ተራውን ይጠብቃል፣ የሚጠጣ ውኃ ግን ለሁሉም እኩል ይቀዳል። በዚህ ደንብ የጃቫ፣ የቻይናና የዐረብ ነጋዴዎች ጎን ለጎን ቆመው ገውዝ የተባለውን ቅመማችንን ሲገዙ ኖረዋል። ለእናንተ ሳይከብድ አልቀረም፤ እናንተ ከእነርሱ ይልቅ የሠለጠናችሁ ናችሁና። እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ካፒቴን ክራይንሆፍ ሆይ፣ ባለፈው ዓመት ከቤቴ ሩዝና ዓሣ ከተመገቡ በኋላ፣ በአገርዎ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ዘርግተው ጣቴን እንዳትምበት ጠየቁኝ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ከማዕድ ላይ ሳይነሣ የለመነውን መንፈግ ነውር ስለሆነ፣ አተምሁ። ወረቀቱ ገውዛችንን ከእርስዎ በቀር ለማንም እንዳንሸጥ የሚያስገድድ መሆኑን የተረጎመልኝ ዘንድሮ መድፍዎ ነው። ስለ ትርጉሙ አመሰግናለሁ፤ በጣም ግልጽ ነበር።

፪ኛ. ካፒቴን ፔቨሬል ሆይ፣ እርስዎ ደግሞ እኛ ዘንድ ታመው ከርመው ሲሰናበቱ፣ ለሚሄድ እንግዳ እንደምናደርገው ሁሉ አንድ የገውዝ ችግኝ ከነአፈሩ ሰጠሁዎ። መንገድ ላይ ውኃ እያጠጣ ያስበን ብለን የምንሰጠው ነው። እርስዎ ግን «የደሴቲቱን አፈር በእጄ ተረክቤአለሁ፣ ስለዚህ ደሴቲቱ የንጉሤ ናት» ብለው ባንዲራ ይዘው ተመለሱ። አንድ ድስት የማይሞላ አፈር ይህን ያህል መስፋቱ ይገርመኛል።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም። ባለቤቴ ሩቂያ ይህን ስትሰማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለአንዱ ጣትህን ሰጠህ፣ ለሌላው አፈርህን፤ የቀረህ ጢምህ ነው፣ ሦስተኛ መርከብ ሳይመጣ ቶሎ ተላጨው!» አለችኝ። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያን ጊዜ ሩዝ ነበረን።

፫ኛ. ደብዳቤውን ያጻፈኝ ይህ ነው። ደሴታችን ገውዝ እንጂ ሩዝ አታበቅልም፤ ገውዝ ደግሞ ለቅመም እንጂ ለምግብ አይሆንም። የምንበላውን የሚያመጣልን የማካሳሩ ባለ ጀልባ ዳኤንግ ማሌባ እነሆ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን በሁለታችሁ መካከል ቆሟል። ሆላንዱ «ከገባ እተኩሳለሁ» ይላል፤ እንግሊዙ «በሆላንድ ፈቃድ ከገባ እኔን መናቅ ነው፣ እኔም እተኩሳለሁ» ይላል። ማሌባ እናንተን ሲሰድብ ከባሕሩ ዳር ቆመን እንሰማዋለን። በሩዝ ፋንታ ስላመጣችሁልን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ምስጋናችን የላቀ ነው፤ በዚህ ሐሩር ለብሰን ሞክረነዋል፣ ቀቅለንም ሞክረነዋል።

ልጄ ኑርሲያ ከወለደች ዐሥራ ሁለት ቀኗ ነው። የሙዝ ግንድ እየቀቀልን እናበላታለን፤ ጡቷ ግን ደርቋል። በእኛ ሕፃን በሰባተኛው ቀን ስም የሚወጣለት ለጎረቤት ሩዝ ቀርቦ ነው። ሩዝ ስለሌለ የልጅ ልጄ እስከ ዛሬ ስም የለውም፤ የሚያለቅስበትም አቅም እያነሰው ነው። ክቡራን ሆይ፣ ተቆጥቻለሁ። ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል ይባላል፤ እናንተ ግን የምትጣሉት በሣሩ ነው፣ ሣሩም እኛ ነን።

፬ኛ. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ መንደሩ ተማክሮ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ጫፍ ባለው የገውዝ ዛፍ ሁሉ ላይ የዘንባባ ቅጠል አስሯል። በደንባችን ቅጠል የታሰረበትን ዛፍ ሽማግሌዎች እስኪፈቱት ድረስ ባለቤቱም አይነካውም፤ ሌባ እንኳ ያከብረዋል። ፍሬው አሁን አፉን ከፍቷል፤ በጥቂት ቀን ካልተለቀመ ይረግፋል። ቅጠሉ የሚፈታው የማሌባ ሩዝ ወደብ ላይ በተራገፈ ማግስት ነው። ከሁለታችሁ ማን ቀድሞ መንገድ እንደሚለቅ ተራ አላወጣንላችሁም፤ በዚህስ ብትሽቀዳደሙ ደስ ይለናል።

ማዕዳችሁ አይጉደል፣ ሸራችሁም ነፋስ አይጣ፣ በተለይ ወደ አገራችሁ በሚወስደው አቅጣጫ፤ እያልሁ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አብዱልሙሒት፣
ጣቱን ለሆላንድ፣ አፈሩን ለእንግሊዝ የሰጠ የወደብ ሹም፣
ስም ያልወጣለት ልጅ አያት

ተጨማሪ፦ ይህን ስጽፍ ታላላቆቹ የዱር እርግቦች መጥተው የተከፈተውን ገውዝ ከነዘሩ መዋጥ ጀምረዋል። ወረቀት አላሳተሙንም፣ በችግኝ አፈርም ደሴታችንን አልጠየቁንም፣ ስለዚህ ዘንድሮ ንግዱ የእነርሱ ነው። ሲጠግቡ በመርከቦቻችሁ ላይ ያልፋሉና፣ ድርሻችሁን ከየወለሉ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እባካችሁ እሱን እንኳ ሳትታኮሱ ተካፈሉ።