ከቡታጅራ የመጣው ካርቶን

ለተከበሩ ለልጄ አክስት፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ፣ እንዴት ከረሙ? ያ ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ አሁንም ዳገት ላይ ያስቸግርዎታል? ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ ሰላም ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ቆመን እንሄዳለን። ብርዱ ግን ዘንድሮ ከእንጦጦ ወርዶ ሱቄ ውስጥ ነው የገባው።

በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋሁ። ስለዚህ ጻፍኩ። ከሰኞ ጀምሮ በቴሌቪዥን አንድ ማስታወቂያ ይተላለፋል፤ ልጃችን ሩፋይዳ አለችበት። የምትለውን ከመስማትዎ በፊት ከእኔ ይስሙ ብዬ ነው።

ሱቄን ያውቁታል፣ ከዊንጌት ዝቅ ብሎ። ተማሪዎቹ ሞዴስ ሊገዙ ሲመጡ ወንድ ደንበኛ እስኪወጣ በሩ ጎን ይቆማሉ። እኔም ሳይናገሩ ይገባኛል፤ በጋዜጣ እጠቀልላለሁ፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ እከታለሁ፣ ዓይኔን ጣሪያው ላይ አድርጌ እሰጣለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ሐያእ፣ ሃፍረትን መጠበቅ፣ ነው እያልኩ በልቤ እኮራበት ነበር።

ባለፈው ሳምንት የማስታወቂያ ሰዎች መጡ። ሞዴስ የሚያመርት ድርጅት ስለ ሴት ልጆች በራስ መተማመን ሊያስተዋውቅ ነው፤ ባለሱቅ አባት ከነልጁ ፈልገን ነው አሉ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ሂሻም መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ፣ "ኑሪ፣ አንተማ አርቲስት ልትሆን ነው፤ በቃ ሱቁን ለእኔ ተወው!" እያለ ሰፈሩን አሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሩፋይዳ እሺ ስትል ደስ አለኝ፤ እህትዎ ከሞተች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበርና።

የምትጠይቃት ሀሌሉያ የምትባል ወጣት ናት። "ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት የተውሽው መቼ ነው?" አለቻት። ሩፋይዳም እንዲህ አለች፦ "የወር አበባዬ የመጣ ጊዜ እናቴ ሞታ ነበር። ሞዴስ አባቴ መደርደሪያ ላይ ሞልቷል፤ ግን እሱን እንዴት ብዬ ልጠይቀው? የእናቴን ሻሽ እየቀደድኩ ነው የምጠቀመው። እንዳይታይብኝ ስለምፈራ በየወሩ ከትምህርት ቤት እቀራለሁ፤ አባቴ ሰነፍ ይለኛል። አክስቴም ረሳችኝ።"

እትዬ፣ ስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

በቀረጻው መሃል ሞተር እየጮኸ ስላለፈ ለማንኛውም ድገሚው አሏት። ስትደግመው ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። "አባቴ ሁሉንም ያሟላልኛል፤ ሁሌም ከጎኔ ነው" አለች። ለእኔ ብላ ዋሸች።

ሀሌሉያ ሁለቱንም ቀረጻ አሳየችኝ። "የመጀመሪያው ያስለቅሳል ጋሼ፤ ሰው ካለቀሰ ደግሞ ይገዛል። ግን እርስዎ ካልፈረሙ አይወጣም" አለች። ሩፋይዳ እጅጌዬን ይዛ፣ "አባ፣ ሁለተኛው ይሁን። ሰው ያንን ከሰማ በኋላ እንዴት መስጊድ ትሄዳለህ?" አለችኝ። ደሜ ፈላ። የልጄን እንባ ነው የምትሸጡት? ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ከፍቼ ቀረሁ። እኔስ ምን ሸጥኩ?

ካርቶኑን ያስታውሳሉ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል በጎረቤታችን በጀዊሪያ እጅ የላኩትን? ላዩ ላይ ሁለት ቀሚስ፣ ከሥሩ ስድስት እሽግ ሞዴስ ነበር። "ለልጄ ለሩፋይዳ። ያልገባሽን ነገር ደውለሽ ጠይቂኝ" የሚል ወረቀትም ጽፈው ነበር። ሱቅ ውስጥ ከፍቼ አየሁትና ፊቴ ጋለ። ይሄን እንዴት ብዬ ልስጣት? ቀሚሶቹን እኔ እንደገዛሁላት አድርጌ ሰጠኋት። ሞዴሱን መደርደሪያው ላይ ደረደርኩት፤ ለሌላ ሰው ልጆች በጥቁር ፌስታል እያደረግሁ ሸጥኩት። እርስዎ "ደረሳት?" ሲሉኝ "ደርሷታል፣ አመስግናለች" አልኩ። አገናኘኝ ባሉኝ ቁጥር ትምህርት ቤት ናት፣ ተኝታለች እላለሁ። በለቅሶው ጊዜ "እኔ ጋ ትደግ" ብለውኝ ስለነበር ይወስዱብኛል ብዬም ፈርቻለሁ። እውነቱ ይሄ ነው።

እናም "የመጀመሪያው ይሁን" አልኳቸው። "አክስቴ ረሳችኝ የሚለውን ግን ቁረጡት" ስል ሩፋይዳ ቀበል አድርጋ፣ "ለምን አባ? እውነት አይደል እንዴ?" አለች። መልሱ ካርቶኑ ነበር። አልመለስኩም። ፈረምኩ። ሰኞ እርስዎ ጎረቤት በተሰበሰበበት ያላጠፉት ጥፋት ሲነገርብዎ ይሰማሉ።

ከዚያ ወዲህ ሱጁድ ላይ ግንባሬን ስደፋ ያ ወረቀት ይመጣብኛል። አልጣልኩትም፤ ከእህትዎ መታወቂያ ጋር አስቀምጬው ነበር። ይኸው እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ።

ነገ ቅዳሜ ጀዊሪያ ወደ እናንተ ትወርዳለች፤ ሩፋይዳም አብራት ትመጣለች። እዚያው ልቅር ካለች የመከልከያ አፍ የለኝም። ልመለስ ካለች መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ዛሬ ጠዋት ከመደርደሪያው ስድስት እሽግ አውርጄ፣ ያለ ፌስታል፣ ሻንጣዋ ላይ አኖርኩላት። ጣሪያም አላየሁም።

አላህ ጉልበትዎን ያሽርልዎ፤ ደጅዎን ሰላም ያድርገው። ለእህትዎ ጀነትን ይወፍቃት። ዱዓ ሲያደርጉ እኔንም ቢያስገቡኝ፣ አይገባኝም እንጂ ደስ ይለኛል።

ደብዳቤውን የምታመጣልዎ ራሷ ሩፋይዳ ናት። ፖስታውን ሆን ብዬ አላሸግሁትም። እስከ ቡታጅራ ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው።

የእህትዎ ባል፣
የሩፋይዳ አባት