መንግሥትን ለመክሰስ ፈቃድ ስለተነፈግን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሆሊስ ፕሪዊት
የግዛታችን ምክር ቤት የአቤቱታ መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፦

ይህ ደብዳቤ በፍጹም ጤንነት፣ በተለይም ሳንባዎ እንደ ልብ አየር እየሳበ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ።

ምናልባት ቢዘነጉት፣ የእህቴ የቨርና ልጅ ዴዝመንድ በግዛቱ እስር ቤት ሳለ ጠባቂዎች የአስም መድኃኒቱን ቀምተውት ታፍኖ ሞቷል። መንግሥት ራሱ ካልፈቀደ በቀር ፍርድ ቤት አይቆምምና እናቱ የመክሰሻ ፈቃድ ጠየቀች፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የመንግሥት ኮሚሽነርም ውድቅ አደረገባት። ውድቅ የተደረገውን የመመርመሩ ሥልጣን የእናንተ በመሆኑ ደጃችሁን ጠናን። ስለ ምርመራችሁም የሚከተለውን ምስጋና አቀርባለሁ።

፩. ለአመልካች ሦስት ደቂቃ ፈቅዳችኋል። ዴዝመንድ ለመሞት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ስለወሰደ፣ እናቱ አሟሟቱን ተናግራ ሳትጨርስ ደወላችሁ ጮኸ።

፪. እንባ ሲያንቃት እርስዎ በአባትነት መንፈስ፣ «አይዞዎት ወይዘሮ ቨርና፣ ትንፋሽ ይውሰዱ እንጂ!» አሏት። ጠባቂዎቹም በሰጡት ቃል እንዳመኑት፣ ልጇን የመከሩት ይህንኑ ነበር። ከጎንዎ የነበሩት ባልደረባዎ ደግሞ የድምፅ ማጉያው መከፈቱን ዘንግተው፣ «ኧረ ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ኮሚሽነሩ ያለውን እናጽድቅና እንውጣ!» አሉ። በዕለቱ በግልጽ የተነገረ ነገር ይኸው ብቻ ስለነበር ልዩ ምስጋና ይገባቸዋል።

፫. ኮሚቴያችሁ እንዳለው ካጸደቀ በኋላ፣ ጠቅላላው ምክር ቤት ጉዳያችንን ከሌሎች አቤቱታዎች ጋር በአንድ አስሮ፣ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ ውድቅነቱን በአንድ ድምፅ አጸደቀ። ወዲያው አንድ እንደራሴ እኛ ባለንበት የተመልካቾች ሰገነት ላይ ከኋላችን የተቀመጡትን የቅርጫት ኳስ ባለድል ልጃገረዶች አስተዋወቁ፤ ሁላችሁም ወደ እኛ አቅጣጫ ዞራችሁ፣ ቆማችሁ አጨበጨባችሁ። ጆሮዋ የከዳት እህቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሣቻችሁ። «ፈቀዱልን እኮ፣ ወንድምዬ! አየህ፣ ለልጄ ሲነሡለት!» አለችኝ።

ያልተረጋገጠ ነገር ከአፌ አይወጣም፤ ያን ዕለት ግን የተረጋገጠውም አልወጣልኝም። እህቴ እስከ ዛሬ እንደተፈቀደላት ታምናለች፤ ጠበቃ እየፈለገች ነው። ስለዚህ ከምርመራችሁ የቀረው አንድ ሥራ፣ ማለትም ለእናቲቱ ውሳኔውን መንገር፣ የእርስዎ እንዲሆን በትሕትና እጠይቃለሁ። ሦስት ደቂቃ ይበቃዎታል።

የክቡርነትዎን የምሳ ሰዓት ላለመንካት የተጠነቀቀ፣ ሊከስዎ የማይችል አክባሪዎ፣
ኦርሰን ቶሊቨር

ማሳሰቢያ፦ ዴዝመንድ ይወደው የነበረውን የፖም ኬክ እህቴ ለምስጋና ጋግራ ነገ ወደ ቢሮዎ ትልካለች። ይብሉት። የመጋገሪያ ሳህኑን ግን እባክዎ ይመልሱላት፤ ካስቀሩባት፣ እሱን ለማስመለስም የእናንተን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርባታል።