ኮምጣጤ ሲነካው የፈላው ኖራ

ለቆሻሻ ማቃጠያ ጣቢያው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ ሚያዝያ 9

ጉዳዩ፦ በተበላሸ ኖራ ምክንያት የተሰናበተው የምድጃ ሠራተኛ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

እኔ በጣቢያው የኖራ መጋዘን ከረጢት ቀዳጅ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የተሰናበተው የምድጃ ሠራተኛ ባለቤቴ ነው። እሱ «የሆነው ሆኗል» ብሎ ስለተቀመጠ ክቡርነትዎን የማስቸግረው እኔ ነኝ።

1. ከምድጃው የሚወጣው ጭስ አሲድ አለው። ወደ ጭስ ማውጫው ከመድረሱ በፊት ደረቅ የኖራ ዱቄት ይነፋበታል፤ ዱቄቱ አሲዱን ይዞ ማጣሪያው ጨርቅ ላይ ይቀራል። አሲዱን የሚይዘው የቅንጣቱ ገጽ ነው፤ ገጹ ከተሸፈነ ውስጡ ሳይሠራ ይቀራል። ስለዚህ ኖራው የላመና ያልተበላሸ መሆን አለበት። ይህን ያወቅኩት ከከረጢቱ ጋር የሚመጡትን ወረቀቶች እየሰበሰብኩ በማንበብ ነው።

2. ያው ወረቀት «እስኪፈለግ ድረስ አይከፈት» ይላል። በእኛ መጋዘን ግን የጠዋቱ ፈረቃ እንዳይጠብቅ ተብሎ የወሩ ከረጢት በሙሉ በመጀመሪያው ሰኞ ይቀደዳል፤ እንዳይጓጉል ተብሎም ወለል ላይ በስሱ ይዘረጋል። እንዲህ አየር ላይ የከረመ ኖራ ጠመኔ ይሆናል፤ ጠመኔ ደግሞ በእኛ ጭስ ውስጥ አሲዱን እምብዛም አይይዝም። ለመጋዘን ኃላፊው ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ ምላጭሽን ያዢ፤ ኬሚስትሪውን ለእኛ ተይልን» አሉኝ። የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ምላጬን ያዝኩ።

3. ባለፈው ወር ጭሱ የሰፈሩን ሰው ጉሮሮ ከረከረ፣ የጓሮውን አትክልት አጠወለገ። ኃላፊው ከተዘረጋው ኖራ በማንኪያ ወስደው ኮምጣጤ አፈሰሱበት። አረፋ ሲያወጣ «ይኸው ይፈላል፣ ጤነኛ ነው» ብለው ፈረሙ። ኖራው ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ ዱቄቱን የሚነፋው የምድጃ ሠራተኛ ነው ተባለ። ባለቤቴ «ዱቄት ሳይነፋ ቀርቷል» ተብሎ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎት በኋላ በግማሽ ገጽ ወረቀት ተሸኘ።

4. ጥሩ ኖራ ኮምጣጤ ሲነካው ጸጥ ብሎ ይሟሟል። አረፋ የሚያወጣው ጠመኔ ነው። የተፈረመው የኖራው መበላሸት ማስረጃ ላይ ነበር።

ቤት ውስጥ ሁለቱንም በሁለት ብርጭቆ ሞክሬ ለባለቤቴ አሳየሁት። ምንም አልደነቀውም። ብርጭቆዎቹን አጥቦ ወደ መደርደሪያው መለሰና «የቀደድሽው አንቺ ነሽ፤ ተይው ይቅር» አለኝ። ለምን ዝም እንዳለ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ካልተከፈተ ከረጢትና ከወለሉ የተወሰደ ኖራ እርስዎ ባሉበት ጎን ለጎን እንዲፈተን፣ የባለቤቴም ስንብት እንዲሰረዝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የቀደደ ይጠየቅ ከተባለ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ መጋዘን ውስጥ አለሁ።

ኮምጣጤውን እኔው ይዤ እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የኖራ መጋዘን ከረጢት ቀዳጅ