ሁለተኛው ጆይስቲክ

አርብ፣ ግንቦት 8

ደረሰ! ወንድሜ ከማል ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ልኮልኝ፣ ረዳቱ በፌስታል የተጠቀለለውን ዲስክ ሲሰጠኝ መናኸሪያው መሀል ልስመው ምንም አልቀረኝም። የብረት ለበሱ አምስተኛ ክፍል። ስንት ዓመት ጠበቅነው! ጌሙ እንግሊዝኛ ስም አለው፤ ሸዋሮቢት ውስጥ ግን አባቴ ባወጣለት ስም ካልሆነ የሚያውቀው የለም።

ለሽንኩርት ገበሬ ዘርና መድኃኒት የምሸጥበትን ሱቅ በጊዜ ዘግቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ቬንትሌተሩን ከፈትኩ፣ ዲስኩን አስገባሁ። መጀመሪያ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር አለ አለኝ። የስልኬን ዳታ ሙልጭ አድርጎ በላና ቆመ።

አባ አልጋው ላይ ተቀምጦ "አወቀው ወይ?" ይላል። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ቴሌቪዥን ለእሱ ድምፅ ነው።

"ኧረ አባ፣ ገና አልተከፈተም!"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ዳታ ሞልቼ እስኪወርድ እየጠበቅኩ ነው። ስቆዝም አሮጌው ነገር ሁሉ መጣብኝ።

አባ ጌም ቤት ሲከፍት ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። የላብና የማንጎ ሽታ። አባ እንግሊዝኛ አያውቅም። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ሲመጣ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ "ያነባል"። "ምን አለ፣ ጋሼ ሰይድ?" ይላሉ ልጆቹ። እሱም ይተረጉማል፦ ብረት ለበሱ ከኮከብ ኮከብ የሚንከራተተው የጠፋ ወንድሙን ፍለጋ ነው። ከኋላው ኩስ ኩስ የሚለው አጭር ሮቦት ራሱ ወንድሙ ነው። ጠላት ብረት አድርጎታል፣ ድምፁንም ቀምቶታል፤ "ጢጥ ጢጥ" ከማለት በቀር መናገር አይችልም። ብረት ለበሱ ደግሞ አያውቀውም። አጠገቡ እያለ ይፈልገዋል!

አገሩ በሙሉ አበደ። የአውቶብስ ረዳቶች ሳይቀሩ በሩ ላይ ብቅ እያሉ "አወቀው ወይ?" ይሉ ነበር። አባም "ገና ነው" ይላል። ከማል አንደኛውን ጆይስቲክ ይይዛል፤ ብረት ለበሱ እሱ ነው። ሁለተኛው የኔ ነው፤ ሮቦቱ እኔ ነኝ። አንዱ ቁልፉ ተነቅሎ አባ የእስክሪብቶ ክዳን በማስቲሽ ለጥፎበታል።

ኮሌጅ ገብቼ እንግሊዝኛዬ ሲሻሻል ጽሑፉን አነበብኩት። ወንድም የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ተቀጣሪ ነው፣ የሚፈልገው የተዘረፈ ጭነት ነው። ሮቦቱ መካኒክ ነው፣ በቃ። ለአባ አልነገርኩትም። እንዴት ተብሎ?

ወደ ማታ ተከፈተ። ሲያምር! ከዋክብቱ ቁልጭ ብለዋል። ሁለተኛ ተጫዋች ልጨምር ብዬ ሜኑውን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩት። የለም። ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሮቦቱም የለም።

እሁድ፣ ግንቦት 10

ሮቦቱን አገኘሁት። ጌሙ ውስጥ ባለው ሱቅ ይሸጣል! የብረት ለበሱ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ጌጥ አድርገውታል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

አራተኛው ክፍል ተበላሽቶ ሲወጣ "ግድ የለም፣ ይስተካከላል" ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነበርኩ። ከድጡ ወደ ማጡ። ያ በየድልድዩ ቆም ብሎ ሰማይ የሚያየው ሰውዬ አሁን መተኮስና መግዛት ብቻ ሆኗል ሥራው። አናደደኝ። የሚያናድደኝ ጌም ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ።

አባ ማክሰኞ ከከማል ጋር ደብረ ብርሃን ሊወጣ ነው፤ ረቡዕ ዓይኑን ይሠሩለታል። ፈርቷል። "ፈራሁ" አይልም እንጂ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ። ከዚያ ዘይኔ ብሎ ጠራኝ። "ከመሄዴ በፊት ይሄን ነገር ጨርሺልኝ። አይታወቅም። ሳላውቀው አልሂድ።"

"አብሽር አባ፣ እጨርሳለሁ" አልኩት። ምን ብዬ ነው የምጨርሰው?

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ጨረስኩት። አልጨረስኩትም። ብረት ለበሱ አንድ ትልቅ በር ከፍቶ ሲገባ ስክሪኑ ጠቆረና "ፍጻሜውን ለማየት ይግዙ" የሚል መጣ። መጨረሻው ለብቻው ነው የሚሸጠው!

ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ውሸት ስለማመድ ዋልኩ። "አወቀው አባ፤ አቀፈው፤ አለቀሱ።" አንድ ገበሬ የትል መድኃኒት ጠይቆኝ የሽንኩርት ዘር ሰጠሁት።

ማታ አባ ሲጠይቀኝ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። "ነገ ከማል ሲመጣ" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ከማል ጠዋት ገባ። ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ አልጋው ስር ገብቶ የጌም ቤቱን አሮጌ ማሽን ጎትቶ አወጣ፤ አንደኛው ክፍል አሁንም ውስጡ ነበር። አቧራውን እፍ አለበት። ሠራ! ከማል አንደኛውን ያዘ፣ እኔ የእስክሪብቶ ክዳኑን።

ሙዚቃው ሲጀምር አባ ቀና አለ። ምንም ሳያይ በድምፁ ብቻ ይመራናል። "አሁን ድልድዩ ጋ ናችሁ። ዘይኔ፣ ዝለይ! አንተ ደግሞ ጠብቃት እንጂ!" ሳቅን። ኧረ እኔ አለቀስኩም።

ከዚያ አልቻልኩም። "አባ፣ አዲሱ ውስጥ ወንድምየው የለም። ከመጀመሪያውም አልነበረም" አልኩት። ከማል በክርኑ ጎሸመኝ።

አባ ፈገግ አለ። "እኔ ነኛ ያመጣሁት፣ እንዴት ይጠፋኛል? ከማል አንደኛውን ጆይስቲክ አልሰጥም ይላል፤ አንቺ 'ሮቦት አልሆንም' ብለሽ ታለቅሻለሽ። ምን ላድርግ? ወንድሙ ነው አልኩሽ። ዝም አልሽ።"

"ታዲያ ምን ያስጠይቅሃል፣ አወቀው ወይ እያልክ?"

"ካልጠየቅኩሽ መቼ አጠገቤ ተቀምጠሽ ትጫወቻለሽ?"

ከሰዓት ሄዱ። ጣርማ በር ላይ ይበርደዋል ብዬ ጋቢውን አስያዝኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም። ከማል ደወለ። "ከቀዶ ጥገናው ወጥቷል፣ አልሀምዱሊላህ። ዓይኑ ታሽጓል። ነገ ሲፈታ ነው ማየት አለማየቱ የሚታወቀው።"

"ምን ይላል?"

"ምን ይላል ትያለሽ? ክፍሉን በሙሉ ይዞ ስለ ብረት ለበሱ እያወራ ነው። አሁን መድኃኒት ልገዛ ስወጣ የጎን አልጋው ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። 'ልጄ፣ እባክህ፣ አወቀው ወይ?' አሉኝ። ምን ልበላቸው?"

ጆይስቲኮቹ ትናንት እንደተውናቸው ወለሉ ላይ ናቸው።

"ገና ነው በላቸው" አልኩት።